የናባል አፍና የዶይቅ አፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መጽሐፈ ምሳሌን ስናነብ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል በየምዕራፉ እናገኘዋለን። በዕለት ንግግራችን ሰነፍ የምንለው ሥራ የሚጠላውን፣ ትምህርቱን የማያጠናውን ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ ስም አለው፤ «ታካች» ይለውና ከጉንዳን እንዲማር ይልከዋል። በመጽሐፉ ሰነፍ የተባለው ማስተዋል የጎደለውና ተግሣጽን የሚንቅ ሰው ነው፤ ትጉህ ሠራተኛ፣ ጎበዝ ተማሪም ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው በአፉ ነው። ይህን ለይተን ካላወቅን የምሳሌን ቃል ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ እየመሰለን እናልፈዋለን።

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 የሚገኘው ናባል እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ስሙ ራሱ በዕብራይስጥ ሰነፍ ማለት ነው። ሀብቱ ግን 3000 በግና 1000 ፍየል ነበረ፤ በታካችነት የሚታማ አልነበረም። በቀርሜሎስ በጎቹን በሚሸልትበት ሰሞን (ይህ ቀርሜሎስ ኤልያስ መሥዋዕት ያቀረበበት ተራራ ሳይሆን በይሁዳ ያለ ሌላ ስፍራ ነው) ዳዊት 10 ጎልማሶች ላከበት። እረኞቹን በምድረ በዳ ጠብቆለት ነበርና ከበዓሉ ጥቂት እንዲያካፍለው በትሕትና ለመነው። ናባል አልሰጥም ብቻ ቢል ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር። እርሱ ግን ዳዊትን ከጌታው እንደ ኮበለለ ባሪያ አድርጎ ሰደበው። በዚህች ስድብ ምክንያት 400 ሰዎች ሰይፍ ታጥቀው ተነሡ፤ ከናባል ቤት አንድ ወንድ እንኳ እንዳይተርፍ ተማለ። ያልተሳደቡት አገልጋዮች በጌታቸው አፍ ሊያልቁ ነበር ማለት ነው።

አደጋውን ለሚስቱ ለአቢግያ የነገራት አንድ ብላቴና ነው። ለምን ለጌታው አልነገረውም? ናባልን ደፍሮ የሚያናግረው ሰው አለመኖሩን ብላቴናው ራሱ ይገልጻል። የሰነፍ አፍ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለናል፤ ሌላውን ከማቁሰሉ በፊት የባለቤቱን ጆሮ ይደፍናል። አቢግያ ግን 200 እንጀራ፣ 2 አቁማዳ ወይን ጠጅ፣ 5 የተሰናዱ በጎችና ሌላም ስንቅ አስጭና ወርዳ ዳዊትን በለሰለሰ ቃል ከደም መለሰችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏ ሰክሮ ስለ ነበር እስኪነጋ ምንም አልነገረችውም። መናገር ብቻ ሳይሆን ጊዜ መምረጥም ታውቅ ነበር። ናባል ሲነጋ ነገሩን ሰምቶ ልቡ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ 10 ቀን ያህል ቆይቶም ሞተ።

የዶይቅ ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዶይቅ አልተሳደበም። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ ወደ ኖብ፣ ወደ ካህኑ አቢሜሌክ መጥቶ ንጉሡ በምሥጢር እንደ ላከው ነገረው። ካህኑም የተቀደሰውን ኅብስትና የጎልያድን ሰይፍ ሰጠው። በዚያ ቀን ዶይቅ በስፍራው ነበር። በኋላም ሳኦል ምሥጢር የሚገልጥልኝ ሰው አጣሁ እያለ ሲያማርር፣ ዶይቅ ካህኑ ለዳዊት ስንቅና ሰይፍ እንደ ሰጠ ተናገረ። እውነት ነው፣ ሰጥቷል። ካህኑ የዳዊትን መኮብለል አለማወቁን ግን ዶይቅ አላነሣም። የሳኦል አገልጋዮች በካህናት ላይ እጃቸውን ለማንሣት እምቢ ሲሉ፣ ወሬውን ያመጣው ዶይቅ ራሱ ሰይፍ አነሣ። 85 ካህናት በአንድ ቀን ወደቁ፤ የኖብ ሴቶችና ሕፃናትም አልተረፉም።

«እኔ መቼ ያልሆነ ነገር አወራሁ?» የሚለው መልስ በእኛም በወጣቶቹ ዘንድ የተለመደ ነው። እንበል፣ አንዲት እኅት ከመዝሙር ጥናት ሦስት ሳምንት ቀረች፤ ከአንድ ወንድም ጋርም ሲመሽ መንገድ ላይ ታየች። ሁለቱም እውነት ነው። እናቷ ታመው መተኛታቸው፣ ወንድምየውም መድኃኒት ፍለጋ አብሯት መሄዱ ግን አይነገርም። ወሬው በየስልኩ ይዞራል፤ እናቷ ድነው እንኳ እርሷ ወደ ጉባኤው ለመመለስ ታፍራለች። የዋሸ ሰው ግን ቢፈለግ አይገኝም።

የክፉስ ሰው መጨረሻ? መጽሐፈ ምሳሌ ጉድጓድ የሚቆፍር ራሱ እንደሚገባበት ያስተምራል፤ ሐማም ለመርዶክዮስ ባዘጋጀው 50 ክንድ ግንድ ላይ ራሱ ተሰቅሏል። የዶይቅን መጨረሻ ግን መጽሐፈ ሳሙኤል አይተርክልንም። መዝሙር 51 በአርእስቱ ስሙን ያነሣል፣ የክፉ ምላስንም ጥፋት ይናገራል፤ እርሱ እንዴት እንደ ሞተ ግን አናነብም። ይህን እንደ ጉድለት አንቆጥረውም። ክፋት ገና ፍርዱን ሳያገኝ የንጹሓንን ቤት እንደሚያፈርስ በግልጽ ያሳየናልና። ከኖብ አምልጦ የመጣው የካህኑ ልጅ አብያታር ነገሩን ባስረዳው ጊዜ ዳዊት ስለ ዶይቅ ቅጣት አልተናገረም። ለአባትህ ቤት ነፍስ ሁሉ ጥፋት ምክንያቱ እኔ ነኝ በማለት በደሉን በራሱ ላይ ወሰደ፤ ልጁንም እንዳይፈራ አጽናንቶ አጠገቡ አስቀመጠው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።