ቴክኖ ወደ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ገበያ ይግባ ወይስ አይግባ?

ባለፈው ሴሚስተር በማርኬቲንግ ክፍለ ጊዜ «አንድ ትልቅ የስልክ አምራች ወደ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ገበያ መግባት አለበት ወይ?» የሚል የመወያያ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። እኔ «ይግባ!» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ለእረፍት ጌጫ ቤተሰቦቼ ዘንድ ደርሼ ስመለስ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ይህን ጽሑፍ ያቀረብኩት ምክንያቴን ለማስረዳት ነው።

በቅድሚያ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ምንድን ነው? ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር መሰል መሣሪያ አጥልቆ፣ ራስ በዞረ ቁጥር አብሮ የሚዞር ምስል ማየት ነው። ተመልካቹ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል።

ለምሳሌ የምወስደው ሁላችንም የምናውቀውን ቴክኖን ነው። ባለቤቱ የቻይናው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ ከፈተ። አፍሪካ ውስጥ ገበያ ያገኘው የገዢውን ችግር አይቶ ነው፦ ሁለት ሲም፣ የሚበረክት ባትሪ፣ ጥቁር ፊትን አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ፣ ለእኛ ደግሞ አማርኛ የሚጽፍ ስልክ።

«ይግባ» ያልንበት ዋናው ምክንያት ኖኪያ ነበር። በስማርትፎን ውድድር ወደ ኋላ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት አስረከበ። ስለዚህ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል አልን። ነገር ግን ያው ኖኪያ በ2015 ኦዞ የተባለ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ካሜራ አስተዋውቆ፣ ገበያው እንደታሰበው ስላላደገ በ2017 ሥራውን አቁሟል።

ሳምሰንግም በ2015 ጊር ቪአርን በ99 ዶላር አቀረበ። ስልኩ መነጽሩ ውስጥ ገብቶ ስክሪን ይሆናል። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ግን አልዘለቀም። በ2019 የወጣው ኖት 10 ከነጭራሹ አይሠራበትም። የጎግል ዴይድሪምም በዚያው ዓመት ቆመ። አንዱ ችግር ግልጽ ነው፦ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ባለቤቱም ለጊዜው ስልክ የለውም ማለት ነው።

ጌጫ ላይ የገባኝ ይሄ ነው። እኛ ቤት ስማርትፎን አንድ ነው። አባቴ የቡና ዋጋ የሚጠይቅበት፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያበራልን እሱው ነው። አንድ ማታ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ ላሳያቸው ብዬ ስከፍት እናቴ «ልጄ፣ ቻርጁን አትጨርስብን፤ እህትህ ከቴፒ ትደውላለች» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ የገበያ ጥናት ከየት ይመጣል?

እርግጥ ነው፣ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ስልክ አይፈልጉም። ግን ዋጋቸውስ? አፕል ቪዥን ፕሮ በ2024 ሲወጣ 3,499 ዶላር፣ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤክስአር በ2025 ሲወጣ 1,799 ዶላር ነበር። ይህ የቴክኖ ደንበኛ ኪስ አይደለም። ቴክኖ ግን በ2024 ባርሴሎና ላይ ፖኬት ጎ የተባለ በመነጽር የሚታይ የጌም መሣሪያ ስላሳየ ጥያቄው የወሬ ብቻ አይደለም።

በእኔ አመለካከት ለግለሰብ ሸማች አሁን አይግባ። በር ካለ በትምህርት ቤትና በኮሌጅ በኩል ነው። ላብራቶሪ በሌለበት ክፍል አንድ መሣሪያ ሠላሳ ተማሪ በተራ ቢጠቀምበት ዋጋው ለሠላሳ ይካፈላል፤ የማንንም ቤት ስልክ አይወስድም። ትምህርቱ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ከተዘጋጀ ደግሞ ቴክኖ ድሮ ያሸነፈበትን መንገድ ደገመ ማለት ነው።

«ይግባ» ያላችሁ ጓደኞቼ፣ መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ።