ስለ ትምህርት ቤት መስኮትና ስለ ቀን ብርሃን

ለንባብ የሚያስፈልገው ብርሃን ብዙ ሳይሆን ልክ ያለው ነው። ይህም ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በባልባላ ወገን በሚገኘው በጅቡቲ ከተማ የሃያብለ ሰፈር በግልጥ ይታያል። ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ ሲሰፈር፣ በቀትር በሜዳ ላይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን እስከ 100,000 ይደርሳል፤ ለማንበብና ለመጻፍ ግን 300 ያህል እንደሚበቃ በብዙ አገር የታወቀ ነው። እንግዲህ የጐደለው ብርሃኑ ሳይሆን የብርሃኑ አገባብ ነው።

መስኮት ያለ ጥናት ሲከፈት ጨረሩ በቀጥታ በደብተር ላይ ያርፋል፤ ነጩ ወረቀት ያንጸባርቃል፤ ተማሪውም ዐይኑን ያጨፈግጋል፤ ራሱንም ያመዋል። መምህሩ መዝጊያውን ቢዘጋ ክፍሉ ይጨልማል፤ ነፋሱም ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የተጻፈውን ማየት ስለሚሳነው፣ ሳይሰንፍ ሰነፍ ተብሎ ይቈጠራል።

የነገሩ ቍልፍ የፀሐይን አካሄድ ማወቅ ነው። ጅቡቲ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 17 ገደማ የቀትር ፀሐይ በአናቷ ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ቀኖች መካከል ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን፣ በቀረው ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ቀትር እንኳ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ስለሆነ፣ 1 ሜትር የወጣ የጣራ ክፈፍ በደቡብ ግድግዳ ላይ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ያህል ጥላ ይጥላል። በምዕራብ ግድግዳ ግን፣ በመስከረም ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት፣ ያው ክፈፍ የሚጥለው ጥላ 60 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ ክፍል ሲሠራ የሚከተለው ይጠበቅ፦

1ኛ/ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ መስኮቶቹም በሰሜንና በደቡብ ይከፈቱ።

2ኛ/ ጥቁር ሰሌዳው በምሥራቅ ግድግዳ ይሰቀል፤ በዚያም በኩል መስኮት አይኑር። ተማሪው ወደ ሰሌዳው ሲመለከት ሰሜን በግራው ስለሚሆን፣ ሰፊው መስኮት በዚያ ወገን ቢከፈት በቀኙ የሚጽፍ ልጅ እጅ በፊደሉ ላይ ጥላ አይጥልበትም።

3ኛ/ የመስኮቱ አናት ከፍ ይበል። በቂ ብርሃን ወደ ክፍሉ የሚዘልቀው አናቱ ከወለል ያለውን ከፍታ እጥፍ ያህል ነውና፣ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ግድግዳውም ነጣ ባለ፣ ግን በማያብለጨልጭ ቀለም ይቀባ።

መስኮቱ ወደ ምዕራብ ሆኖ አስቀድሞ ለተሠራ ክፍልም መድኃኒት አይታጣም። ሰሌን ወይም ሸራ ከመስኮቱ ውጭ መዘርጋት ይቻላል። የውስጥ መጋረጃ ጨረሩን የሚከልለው ሙቀቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ የውጭው ይሻላል።

የቤት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ከተመሠረተ በኋላ አይዞርም። ስለዚህ የሰፈሩ ሹማምንትና የልጆች ወላጆች ፕላኑን ሊመረምሩ የሚገባቸው መሠረቱ ሳይቈፈር ነው፤ በዚያን ጊዜ መስኮቱን ከምዕራብ ወደ ሰሜን ማዛወር የሚጠይቀው የአንድ መስመር እርማት ብቻ ነውና።