ለምረቃ መጽሔት ጭብጥ ስለ መምረጥ



የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በየትምህርት ቤቱ አንድ ኮሚቴ ይቋቋማል። ስሙም የምረቃ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ከዚያም አንዱ እጁን ያወጣና «መሪ ቃላችን ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «የነገ አገር ተረካቢዎች» ወይም «በትምህርት ወደ ብርሃን» የሚል ነገር ይጸድቅና ወደ መዋጮው ጉዳይ ይታለፋል። እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር። ያ የችኮላ ውሳኔ ምን እንዳስከተለብንና እንዴት እንደተመለስንበት የምንጽፍላችሁ፣ ከመካከላችሁ ይኸው ሥራ የሚወድቅባችሁ ስለማይጠፉ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ልብ ወለድ ስንማር ጭብጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ጭብጥ ማለት ደራሲው በታሪኩ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያነሣው ዋና ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አይጻፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሚገባና የትኛው ምዕራፍ እንደሚቀር የሚወስነው እርሱ ነው። መሪ ቃል ግን ለበዓል፣ ለጉባኤና ለሰልፍ የሚወጣ ንግግር ነው፤ በጨርቅ ተጽፎ ይሰቀላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይወርዳል። አብዛኛው የመጽሔት ኮሚቴ መሪ ቃል ያወጣና ጭብጥ ያገኘ ይመስለዋል። ውጤቱም የታወቀ ነው። ሽፋኑ ላይ የምትወጣ ፀሐይና የተከፈተ መጽሐፍ ይሣላሉ፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን ፀሐይቱ ወዴት እንደገባች አትታወቅም። ጋውን ለብሶ የተጠቀለለ ወረቀት የጨበጠ ተማሪ፣ ቀጥሎም ጋውን ለብሶ የተጠቀለለ ወረቀት የጨበጠ ሌላ ተማሪ ነው።

ያሰባችሁት ነገር ጭብጥ መሆን አለመሆኑን ለመለየት እኛ ሁለት ጥያቄዎች ጠቅመውናል። አንደኛው፣ የትምህርት ቤቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእጃችሁ ብትሸፍኑት መጽሔቱ የእናንተ መሆኑ ይታወቃል ወይ? የሚለው ነው። «የነገ አገር ተረካቢዎች» በ1965 ዓ.ም. ለተመረቁትም ይሆናል፤ ለታናናሾቻችንም ይሆናል። ሁለተኛው፣ ነገ ጠዋት ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ ቢመጣ ጭብጡ ምን እንዲያነሣ ይነግረዋል ወይ? የሚል ነው። የማይነግረው ከሆነ ገና ፍለጋ ላይ ናችሁ።

ወደ ራሳችን ታሪክ ከመግባታችን በፊት ግን ስለዚህ ዓይነት መጽሐፍ አመጣጥ ጥቂት እንበል። በ16ኛው መቶ ዘመን በጀርመን አገር፣ በተለይም በዊተንበርግ፣ ተማሪዎች መምህሮቻቸውና ጓደኞቻቸው የሚፈርሙበትንና የሚጽፉበትን ደብተር ይዘው ይዞሩ ነበር። የእኛ ተማሪዎች ኦቶግራፍ እያሉ በመጨረሻው ሳምንት የሚያዟዙሩት ደብተር የዚህ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ በ1806 እ.ኤ.አ. የዬል ኮሌጅ ተመራቂዎች የፊታቸው የጥላ ምስል በአንድ መጽሐፍ ተሰብስቦ ነበር። በ1860ዎቹ ደግሞ ጆርጅ ዋረን የተባለ የማሳቹሴትስ ፎቶ አንሺ ለኮሌጅ ተመራቂዎች ፎቶግራፍ የተለጠፈበት አልበም ያዘጋጅ ነበር። እኛን ያስገረመን የዬሉ መጽሐፍ ርእስ ነው። የተመራቂዎቹ ክፍል ሙሉ ምስል አለመሆኑን፣ ከፊሉን ብቻ የያዘ መሆኑን ርእሱ ራሱ ይናገራል። ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍ ደብተር ላይ የፈለገ ሁሉ ይጽፋል። በታተመ መጽሔት ግን ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስን አንድ ኮሚቴ አለ። ይህን አስቡበት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ 12ኛ ክፍል የነበርነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ኮሚቴው በየካቲት ተቋቁሞ፣ መሪ ቃሉ ጸድቆ፣ ፀሐይቱም ተሥላ ነበር። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ሰኞ፣ ለ15 ቀን ተብሎ፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ደብተራችንን በዴስክ ውስጥ ትተን የወጣን ነበርን። ስንመለስ 2013 ዓ.ም. ገብቶ ነበር፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በፈረቃ እየገባን ለብሔራዊ ፈተናው መዘጋጀት ጀመርን። በመዝገብ 94 የነበርነው 87 ሆነናል።

ኮሚቴው ሥራውን ከተወበት ቀጠለ። በቀድሞው እቅድ ለባህል ቀን 4 ገጽ፣ ለቀለም ቀን 4 ገጽ፣ ለስፖርት ውድድር 6 ገጽ ተመድቦ ነበር። ችግሩ በዚያ ዓመት የባህል ቀንም፣ የቀለም ቀንም አለመደረጉ ነው። አንድ የኮሚቴ አባል መፍትሔ አመጣ፤ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን፣ የባህል ልብስ ተውሰን፣ በዓሉ የተደረገ አስመስለን ፎቶ እንነሣ አለ። አብዛኞቻችን ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ደስ ብሎን ነበር፤ ቀሚስ ማን ከማን እንደሚዋስ እንኳ መነጋገር ጀምረን ነበር። በዚህ መካከል ቃለ ጉባኤ ትይዝ የነበረችው ጸሐፊያችን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ልጆቻችን ይህን መጽሔት አይተው በዚያ ሁሉ ወር የት ነበራችሁ ቢሉን በየትኛው ገጽ ላይ ነው የምናሳያቸው?» አለች። ማንም መልስ አልሰጠም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ፀሐይቱ ተሰረዘች፤ ጭብጣችንም «የት ነበርን?» ሆነ።

ይህ ጭብጥ ከላይ የጻፍናቸውን ሁለት ጥያቄዎች ያልፋል። የእኛ ዓመት ብቻ ነው፤ ፎቶ አንሺውም ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል። ዳሩ ግን ጭብጥ መምረጥ የሥራው አንድ አሥረኛ እንኳ አይደለም። የቀረው ማሳደጉ ነው።

ያደረግነው እንዲህ ነው። በሌሎች መጽሔቶች ከፎቶግራፉ ሥር የመጨረሻ ቃል የሚባል ጥቅስ ይጻፋል። እኛም በመጀመሪያ ጠይቀን ነበር፤ 14 ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥቅስ ከስልክ ላይ ገልብጠው አመጡ። በዚህ ፈንታ ለእያንዳንዱ ተማሪ ጭብጡን ራሱን በጥያቄ መልክ ሰጠን፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ የት ነበርክ? የት ነበርሽ? ከሦስት መስመር ያልበለጠ መልስ ይጻፍ ተባለ። አንዱ በአጎቱ ወፍጮ ቤት እህል ሲመዝን ነበር። አንዷ እናቷ የሰፋቻቸውን የአፍ መሸፈኛዎች በመንገድ ላይ ስትሸጥ ነበረች። አንዱ አያቶቹ ዘንድ ገጠር ገብቶ፣ በቴሌግራም የሚላከውን የመልመጃ ወረቀት ለማውረድ ኮረብታ እየወጣ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር። ሌላው ደግሞ «ተኛሁ» ብሎ ጻፈ። ኮሚቴው ይህን መልስ ለማሳተም ጥቂት ተከራክሯል፤ ነገር ግን ከመልሶቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ራሱን ያገኘበት ይኸው ሆነ።

መልሶቹ ሲሰበሰቡ የመጽሔቱን አከፋፈል ለወጡት። ቀድሞ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ነበር የሚከፈለው፤ በየክፍሉም በደረጃ የወጡት በትልቅ ፎቶግራፍ ከፊት ይቀመጡ ነበር። አሁን ግን ክፍሎቹ «ቤት»፣ «ገጠር»፣ «ሥራ» እና «መንገድ» ሆኑ፤ በየክፍሉም ስሞቹ በፊደል ተራ ገቡ። የደረጃ ተማሪዎቹ ጥቂት ቅር ብሏቸው እንደነበር አንደብቅም። መምህራንንም የምንጠይቀው ዲግሪያቸውን ሳይሆን ያንኑ ጥያቄ ሆነ፤ አንዱ መምህራችን ዶሮ ማርባት መጀመራቸውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ጭብጥ ጥሩ ሲሆን ያላሰባችሁትን ሰው ያመጣላችኋል። የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ በመጽሔት ላይ ለማስገባት ከዚያ በፊት ያሰበ አልነበረም። ጥያቄውን ብናቀርብላቸው «እዚሁ» አሉን። በዚያ ሁሉ ወር ከበሩ አልተለዩም፤ የተተከሉትን ችግኞች ውኃ ያጠጡ የነበሩት፣ የተረሱትን ደብተሮች ከየዴስኩ ሰብስበው በአንድ ክፍል የቆለፉት እርሳቸው ነበሩ። አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጣቸው። የሽፋኑም ፎቶግራፍ በእጃቸው ያለው የቁልፍ ዘለላ ሆነ።

ስለ ፎቶግራፍ መግለጫ አንድ ነገር እንጨምር። ከፎቶግራፍ ሥር «የማይረሳ ጊዜ» ብላችሁ አትጻፉ። ከ20 ዓመት በኋላ የሚረሳው በትክክል እርሱ ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ጻፉ። ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም ጻፉ። እንዲሁም ጭብጡን በየገጹ አትድገሙት። እኛ በመጀመሪያ ረቂቅ በ64ቱም ገጾች ራስ ላይ «የት ነበርን?» ብለን አስጽፈን ነበር፤ በኮምፒዩተር የሚያቀናብርልን ልጅ «ሰው የጠፋበት ማስታወቂያ አስመሰላችሁት» ብሎ ሳቀብን። በሽፋኑ፣ በአራቱ ክፍሎች መግቢያና በመጨረሻው ገጽ ብቻ እንዲቀር አደረግን። ገጹ 64 የሆነውም በምክንያት ነው። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚሆን፣ ሁለት ገጽ ልጨምር ብትሉ ባዶ ገጽ ወይም ትርፍ ወጪ ይመጣባችኋል። ስለዚህ የገጹን ድልድል ከማተሚያ ቤቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ሰባቱ እንመለስ። በመዝገብ ኖረው ከእኛ ጋር ያልተመለሱት ሰባት ነበሩ። ገንዘብ ያዡ፣ መጽሔቱ የተመራቂዎች ነው፤ እነርሱ አልተመረቁም፤ መዋጮም አልከፈሉም አለ። የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ በሽፋናችን ላይ «የት ነበርን?» ብለን ጽፈን ሰባቱን ብንተዋቸው፣ ጥያቄውን የጠየቅነው መልሱ ቀላል የሆነላቸውን ብቻ ነው ማለት ይሆናል። ሁለት ስብሰባ ከፈጀ ክርክር በኋላ ሰባቱም እንዲፈለጉ ተወሰነ። ሁለቱ ቤተሰባቸው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ነበር፤ አንዷ አግብታለች፤ አንዷ አረብ አገር ሄዳ መልሷን በድምፅ መልእክት ላከችልን፤ ሁለቱ እዚያው ከተማችን ውስጥ ሥራ ይዘዋል። አንዱን ግን ልናገኘው አልቻልንም። ስሙን በፊደል ተራው ላይ ጽፈን፣ የፎቶግራፉን ቦታ ባዶ ትተን፣ ከሥሩ «ፈለግነው፤ አላገኘነውም» አልን።

ያጠፋነውንም መናገር ይገባናል። በእረፍቱ ወራት ዕቃ በመሸከም የሠራ አንድ ልጅ መልሱን ሲሰጠን፣ አራሚያችን «በችግር ምክንያት» የሚሉ ሁለት ቃላት ጨመረበት። መጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ ልጁ መጥቶ፣ «እኔ ሠራሁ አልኩ እንጂ ችግር አለብኝ አላልኩም» አለን። ይቅርታ ጠየቅነው፤ የታተመው ግን ታትሟል። ከማተሚያ ቤት በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ሦስት መስመር አሳይተን ብናስፈርም ይህ ባልሆነ ነበር። በዚያው ወራት አባቱ የሞቱበት ሌላ ጓደኛችን ደግሞ መናገር አልፈልግም ብሎን ነበር። የእርሱን ቦታ በስሙና በፎቶግራፉ ብቻ ትተነዋል፤ በዚህ አልተሳሳትንም።

መጽሔቱ የወጣው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ከሰባቱ አንዷ ከእናቷ ጋር ጉልት ላይ አትክልት ትሸጥ ስለነበር፣ ድርሻዋን ይዘን ሦስት ሆነን ሄድን። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችን። ስሟ በ«ወ» ስለሚጀምር ገጿን ከ«ሥራ» ክፍል መካከል አካባቢ አገኘችው፤ አነበበችና ምንም አልተናገረችም። ቀጥላ የዘበኛውን ገጽ ስታገኝ ግን ጮክ ብላ ሳቀች፤ ለእናቷም አነበበችላቸው። ከዚያ መዋጮዋን ልክፈል አለች። ገንዘብ ያዡ፣ ያው ቀድሞ የተከራከረው ልጅ፣ አልቀበልም አለ። ብዙ ተጓተቱ። በመጨረሻ ሦስት ኪሎ ቲማቲም ይዘን ተመለስን።