በእንቅልፍ ልብ መሽናትና ጉርምስና፦ የተማሪዎችን የኪራይ ቤት ኑሮ መነሻ ያደረገ አጭር ዳሰሳ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤተሰቡ ሲርቅ እንደ ውጫሌና ሐይቅ ባሉ ከተሞች ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እያመጣ ይማራል። ሌሊት ሽንት ለሚያመልጠው ታዳጊ ይህ ኑሮ ቤተሰብ ሸፍኖት የቆየው ምስጢር የሚጋለጥበት ነው። የጽሑፉ ዓላማ ችግሩ «ክፉ ልማድ» መባሉ መፍትሔውን እንዴት እንደሚያዘገይ ማሳየት ነው።

ልማድ ወይስ የአካል ሁኔታ?

ልማድ በመደጋገም የሚፈጠርና በጥረት የሚታረም ድርጊት ነው፤ በእንቅልፍ ልብ የሚሆን ነገር ግን ለፈቃድ አይታዘዝም። ለዚህ ችግር ሦስት ዋና ምክንያቶች ይጠቀሳሉ፦ የሽንት ፊኛ ሲሞላ አለመንቃት፣ ፊኛው ሌሊት የሚይዘው መጠን ማነስና የሽንትን መጠን የሚቀንሰው ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ሌሊት በበቂ ሁኔታ አለመመንጨት። ዝንባሌው በዘር ስለሚወረስም ልጁን የሚቆጣው ወላጅ ራሱ በልጅነቱ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ችግሩ በ5 ዓመት ዕድሜ ከ100 ሕፃናት በ15 ያህሉ፣ በጉርምስና መጨረሻ ግን ከ1 እስከ 2 በሚሆኑት ላይ ይታያል። ይህም 1000 ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ከ10 እስከ 20 ተማሪ ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸው ግን ብቻቸውን እንደሆኑ ያምናሉ።

ኀፍረት የሚያባብሰው

የሚያፍር ታዳጊ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ሌሊትም ላለመተኛት ይታገላል። የውኃ እጥረት የሆድ ድርቀትን ያመጣል፤ የሞላው አንጀትም ፊኛውን ይጫናል። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ደግሞ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

የሚረዱ እርምጃዎች

ውኃን በቀን በበቂ መጠን ጠጥቶ አመሻሽ ላይ መቀነስ፣ ማታ ቡናና ሻይ መተው፣ ከመኝታ በፊት መሽናትና የሆድ ድርቀትን ማከም ቀዳሚዎቹ ናቸው። የሞውረር ባልና ሚስት በ1938 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት፣ እርጥበት ሲነካው የሚደውል መሣሪያ በሳምንታት ልምምድ ብዙዎችን ይረዳል፤ በጋራ ክፍል ውስጥ ግን የጓደኛን መተባበር ይጠይቃል። ዴስሞፕሬሲን የተባለው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ችግሩ ለ6 ወራትና ከዚያ በላይ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ወይም ከብርቱ ጥም ወይም ሲሸኑ ከማቃጠል ጋር ከመጣ፣ የስኳር በሽታና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊመረመሩ ይገባል።

ማጠቃለያ

ቁጣና ማሳፈር ታዳጊውን ከሕክምና ያርቁታል። ወላጅ ለልጁ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ከተማ ከመላኩ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስደው፣ መምህርም ምስጢሩን ጠብቆ ቢያማክረው፣ ታዳጊው በኀፍረት ምክንያት ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ይረዱታል።