ስለ ካርቡራተር ሕመም

በኮልፌ ቀራንዮ ዳገት ላይ ባጃጅ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲደክም፥ ባለቤቱ ቸኩሎ ሞተሩን ያስፈታል፤ ገንዘቡንም በከንቱ ይጨርሳል። አስቀድሞ ግን ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላውን አውጥቶ መልኩን መመልከት ይገባ ነበር። አገሩ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና፥ አየሩ በጅቡቲ ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላ ተመጥኖ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ቢገኝ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፤ ካልተሻለም ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ በጠባብ ትለወጥ። ነጥቶ ቢገኝ ግን ቤንዚኑ አንሷል፤ ቀዳዳዋ በቆሻሻ ተደፍና እንደ ሆነ በአየር ትነፋ እንጂ በሽቦ አትጎርጎር፥ ትሰፋለችና። ሞተሩን አበረታለሁ ብሎ ማጣሪያውን የሚነቅልም አለ፤ ለጊዜው ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል፥ አቧራው ግን ሲሊንደሩን ይበላዋል።