ቀብድ የሚቀርበት ማን ነው? በእጥፍ የሚመልሰውስ?

ከመርካቶ የጅምላ መደብር እስከ ሠፈር የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከመኪና ሽያጭ እስከ ቤት ግዢ ድረስ ቀብድ ያልገባበት ግብይት ማግኘት ያስቸግራል። ገዢና ሻጭ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ቀሪው ገንዘብ እስኪሟላ ወይም ዕቃው እስኪደርስ ድረስ ቃላቸውን የሚያስሩት በቀብድ ነው። ይሁን እንጂ ግብይቱ ሳይሠምር ሲቀር ሰጪው «ገንዘቤን መልስልኝ» ይላል፤ ተቀባዩ ደግሞ «ቀብድ አይመለስም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሕጉ ከእኔ ጋር ነው ባዮች ናቸው። ሕጉ ግን በቅድሚያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ውሉን ያፈረሰው ማን ነው? በወረቀቱ ላይ የተጻፈውስ ቃል ምንድን ነው?

በዛሬው ዝግጅታችን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን በገበያ ላይ ዘወትር የሚያጋጥሙ የቀብድ ክርክሮችን እንመለከታለን። አንባቢ በተለይ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ቀብድ ውልን የሚያስር ገመድ ብቻ አይደለም፤ ከውል መውጫ በርም ነው። የመውጫውን ዋጋ የሚቆርጠው ደግሞ የቀብዱ መጠን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የደነገገው ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት ሦስት አጫጭር ቁጥሮች ነው። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ስለ መደረጉ ማስረጃ ይሆናል። በቁጥር 1884 መሠረት ውሉ እንደ ቃሉ ከተፈጸመ ተቀባዩ ቀብዱን ይመልሳል ወይም ከሚከፈለው ዋጋ ላይ ያስባል። በገበያችን የተለመደው ሁለተኛው ነው።

ክርክር የሚነሳበት ቁጥር 1885 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ተዋዋዮቹ የተለየ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ቀብድ የተቀበለ ወገንም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። «ቀብድ ይቀራል» እና «ቀብድ በእጥፍ ይመለሳል» የሚባሉት ሁለቱ አባባሎች ምንጫቸው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ እጥፍ የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል። ብር 20,000 ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ሲያፈርስ ብር 40,000 ይመልሳል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ብር 20,000 ያው የገዢው ገንዘብ ነው፤ ከሻጩ ኪስ የሚወጣው ሌላው ብር 20,000 ብቻ ነው። ገዢ ቢያፈርስ የሚከስረው ብር 20,000 ነው፤ ሻጭ ቢያፈርስም የሚከስረው ያንኑ ያህል ነው። ሕጉ ሁለቱን እኩል አድርጎ አስቀምጧቸዋል።

ትንሽ ቀብድ፣ ርካሽ መውጫ

ነጋዴ በቁጥር ይገባዋልና ለማስረጃ ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ገዢ 500 ቆርቆሮ እያንዳንዱን በብር 1,000 ሒሳብ ለመግዛት ተዋዋለ እንበል። ጠቅላላ ዋጋው ብር 500,000 ነው። ቀብድ ብር 20,000 ሰጠ፤ ዕቃውን ከአንድ ወር በኋላ ሊረከብ ተስማማ። በመካከሉ ዋጋ ንሮ አንዱ ቆርቆሮ ብር 1,150 ገባ። ዕቃው አሁን ብር 575,000 ያወጣል፤ ልዩነቱ ብር 75,000 ነው።

ሻጩ ብር 40,000 መልሶ ውሉን ቢያፈርስ የራሱ ኪሳራ ብር 20,000 ነው። ዕቃውን ለሌላ ሲሸጥ ብር 75,000 ተጨማሪ ያገኛል። ስለዚህ ቃሉን በማጠፍ ብር 55,000 ያተርፋል። ገዢው በፊናው ብር 20,000 ትርፍ የተቀበለ ቢመስልም ያንኑ ዕቃ ከሌላ ለመግዛት ብር 75,000 መጨመር አለበትና ብር 55,000 ይጎድለዋል። ቀብዱ ብር 100,000 ቢሆን ኖሮ ግን ሻጩ ብር 75,000 ለማትረፍ ብር 100,000 አይከስርም ነበርና ቃሉን ይጠብቅ ነበር።

ይህ እንዲያው ለምሳሌ የተነሳ ነገር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ የብር ዋጋ ከፍተኛ ቅናሽ ማሳየቱ የሚታወስ ነው። እንዲህ ባለ ወቅት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በትንሽ ቀብድ የታሰረ ውል ለሻጩ ርካሽ መውጫ ያለው ውል ነው። ዋጋ ሲወርድ ደግሞ በዚያው በር የሚወጣው ገዢው ነው። ስለሆነም ዋጋው በሚዋዥቅ ዕቃ ላይ ቀብድ ሲቆረጥ «ስንት ይበቃል?» ብቻ ሳይሆን «ዋጋው እስከ ስንት ሊንቀሳቀስ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

«ቀብድ» ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»?

በደረሰኝ ላይ አንዱ «ቀብድ»፣ ሌላው «ቅድሚያ ክፍያ»፣ ሦስተኛው «ከዋጋው ላይ የተከፈለ» ብሎ ይጽፋል። በአነጋገር ተመሳሳይ ቢመስሉም በክርክር ጊዜ ይለያያሉ። ቅድሚያ ክፍያ የዋጋው ከፊል አፈጻጸም ነው። ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉና (ቁጥር 1815) የተከፈለው ይመለሳል፤ ጉዳት የደረሰበት ወገንም ጉዳቱን አስረድቶ ካሳ ይጠይቃል። ያለ ማስረጃ የሚቀር ወይም በእጥፍ የሚመለስ ገንዘብ ግን የለም።

ሕጉ በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኞች ከቃሉ ወጥተው የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም መፈለግ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ስለዚህ አንዲት ቃል በብዙ ሺህ ብር ትመነዘራለች። የቀብድን ውጤት የፈለገ «ቀብድ» ብሎ ይጻፍ፤ ያልፈለገም እንዲሁ በልማድ ብቻ አይጻፈው።

«ቀብድ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ

አልጋና ቁም ሣጥን ያዘዘ ሸማች ግማሹን ዋጋ ቀብድ ብሎ ይከፍላል። ባለ ሥራ ቤቱ በአንድ ወር አደርሳለሁ ብሎ ሦስት ወር ያቆየዋል። ሸማቹ ገንዘቤን ሲል በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ቀብድ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ያሳየዋል። ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋ አይደለም። ቀብድ የሚቀረው ሰጪው በራሱ ፈቃድ ውሉን ሲያፈርስ ነው። ቃሉን ያላከበረው ተቀባዩ ከሆነ በራሱ ጥፋት የሌላውን ገንዘብ ሊያስቀር አይችልም።

ሆኖም ሸማቹም መከተል ያለበት ሥርዓት አለ። በቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። «እስከዚህ ቀን ድረስ ካላስረከብከኝ ውሉን አልፈልገውም» ብሎ፣ ነገሩ የሚፈቅደውን በቂ ጊዜ ሰጥቶ መጻፍና የደብዳቤውን ግልባጭ አስፈርሞ ማስቀረት ይገባል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ከሌላ ሱቅ ገዝተው ከመጡ «ውሉን ያፈረስከው አንተ ነህ» የሚል መልስ ሊገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ቀብዱ የሚቀረው በሸማቹ ላይ ነው።

ቀብዱን ደላላ ሲቀበል

ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ ስለ ድካሙም የድለላ ዋጋ ያገኛል። የውሉ ባለቤት ግን አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1741 መሠረት ክፍያ የሚፈጸመው ለባለ ገንዘቡ ወይም እሱ ሥልጣን ለሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ ሻጩ «ተቀበልልኝ» ብሎ ሥልጣን ላልሰጠው ደላላ ቀብድ የሰጠ ገዢ፣ ሻጩ «እኔ የተቀበልኩት የለም» ያለ ዕለት ይቸገራል። እጥፉን ከሻጩ ለመጠየቅ ቀርቶ ዋናውንም የሚፈልገው ከደላላው ይሆናል።

ለደላሎችም ቢሆን ይኸው ይጠቅማል። ቀብድ በእጃቸው የሚያልፍ ከሆነ በማን ስም እንደተቀበሉና መቼ እንዳስረከቡ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሻጩ መያዝ አለባቸው። ያለዚያ የሌላ ሰው ውል በፈረሰ የሚከሰሱት እነሱ ይሆናሉ።

ነገሩ ቤት ሲሆን

የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በመርህ ደረጃ በቃልም ሊደረግ ይችላል። ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግን በቁጥር 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ ይኖርበታል። በሕግ የተወሰነ ፎርም ሲጓደል ደግሞ ቁጥር 1720 ውሉን እንደ ረቂቅ ይቆጥረዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ለቁጥር 1723 ክብደት መስጠቱ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው ይታወቃል።

በቀብድ ረገድ ይህ ምን ማለት ነው? በሠፈር ወረቀት ላይ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ብር 300,000 ለቤት ቀብድ የሰጠ ገዢ፣ ሻጩ ሐሳቡን ሲለውጥ ብር 600,000 ይመለስልኝ ብሎ ይከሳል። ሻጩ ደግሞ «የጸና ውል ስለሌለ እጥፍ የምከፍልበት ምክንያት የለም፤ የተቀበልኩትን ብቻ ልመልስ» ብሎ ይከራከራል። ለክርክሩም የሕግ መሠረት ያገኛል። ዋናው ካልጸና ተከታዩ የሚቆምበት መሬት የለውምና። ስለዚህ በቤት ግዢ ትልቅ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ወደ ውል ማዋዋያው መሄድ ይቀድማል።

በወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚሠራ ቁጥር 1731 ይደነግጋል። ከቀብድ አንጻር የሚከተሉት ነጥቦች እንዳይዘነጉ እንመክራለን።

1ኛ/ የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ወይም ቅድሚያ ክፍያ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

2ኛ/ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ጠቅላላ ዋጋና የመረከቢያው ቀን ይጠቀስ። ቀን የሌለው ውል ማን እንደዘገየ ለማስረዳት ያስቸግራል።

3ኛ/ ውሉ እንዲፈርስ የማይፈልጉ ከሆነ «ቀብዱ ውሉን ለማፍረስ መብት አይሰጥም» ብለው ይስማሙ። ቁጥር 1885 የሚሠራው ተቃራኒ ስምምነት በሌለበት ነው።

4ኛ/ የውል ጸሐፊዎች በልማድ በቁጥር 1889 የሚያስገቡት ገደብ ካለ ከቀብዱ ጋር ያለው ግንኙነት ይብራራ። ቀብዱም ገደቡም ይከፈላል? ወይስ አንዱ ብቻ? ይህ ሳይጻፍ ከቀረ ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል።

5ኛ/ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲላክ በምክንያቱ ቦታ «ለዚህ ዕቃ ቀብድ» ተብሎ ይሞላ፤ ማረጋገጫውም ይቀመጥ። ባዶ የገንዘብ ዝውውር ብድርም፣ ስጦታም፣ የቆየ ዕዳም ነው ሊባል ይችላል።

ቀብድ ተቀባይም ሆነ ሰጪ ሆነው ሲቀርቡ ገንዘቡን ከመቁጠርዎ በፊት አንድ ስሌት ይሥሩ፤ «ነገ ዋጋው ቢለወጥ ይህ ሰው ከውሉ ለመውጣት የሚከፍለው ስንት ነው?» መልሱ ትንሽ ከሆነ በእጅዎ ያለው ጠንካራ ውል ሳይሆን የመልካም ፈቃድ ቃል ነው። ቀብዱን ያሳድጉ፣ ወይም ወረቀቱን ያጥብቁ።