በመኪና ውስጥ ስለሚሰማ የድምፅ ማጉያ ጩኸት

አዲስ ቴፕ በመኪና ከተገጠመ በኋላ ከድምፅ ማጉያው ቀጭን ጩኸት ቢሰማ፥ ብዙ ሰው ወዲያው ድምፅ ማጉያውን ይወቅሳል። በአጎቴም ታክሲ ይኸው ስለ ደረሰ፥ ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች እንዲለውጡ ተመክረው ነበር። እኔ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምክንያቱን እንመርምር አልኋቸው።

በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን ቴፑን በባትሪው ኃይል ብቻ ከፈትነው፤ ጩኸቱ ጠፋ። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ግን ጩኸቱ ይበልጥ እየቀጠነ ሄደ። ይህ የዲናሞ ምልክት ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ቢደረግም፥ ጥቂት ሞገድ ይቀርበታልና።

ሁለተኛ አንቴናውን ነቀልን፤ ጩኸቱ አልተለወጠም። እንግዲህ በአንቴናው በኩል አልገባም ማለት ነው።

ሦስተኛ ቴፑን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን ጥቁር ሽቦ ተከተልን። ሽቦው የታሰረው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያሳልፍ፥ የዲናሞው ሞገድ ከሙዚቃው ጋር ይቀላቀላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን፥ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ሽቦውን አጥብቀን አሰርነው። ባትሪውን መልሰን ሞተሩን ስናስነሣ ጩኸቱ ጸጥ አለ። የአጎቴም ወጪ የአንድ ብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ብቻ ሆነ።

ጩኸቱ ከዚህ በኋላም የማይጠፋ ቢሆን፥ የድምፁን ሽቦዎች ከባትሪው ሽቦ አርቆ መዘርጋት ይገባል።

ውድ ተማሪዎች ሆይ፥ ድምፅ ማጉያ የተሰጠውን ብቻ ያሰማል። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ጩኸቱ የገባበትን በር መፈለግ ይበጃል።